በአንድ ‘ኤስ’ ምክንያት ተቸግሬአለሁ

ሰላም ወገኖች። ከፒያሳ ነው የምጽፍላችሁ። ግሪን ካርድ አለኝ፤ ፓስፖርቴ ግን የኢትዮጵያ ነው። አሜሪካ በገባሁ ቁጥር ያ የፓስፖርት ፍተሻ ሰልፍ ስለሰለቸኝ፣ ቀድሞ የተጣራ መንገደኛ ቶሎ እንዲያልፍ ለሚያደርገው የአሜሪካ ፕሮግራም፣ ለግሎባል ኢንትሪ አመለከትኩ። 5 ዓመት ያገለግላል። 120 ዶላሩ ግን ቢከለክሉህም አይመለስም። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ብቻ አይሆንም፤ እኔ ያመለከትኩት በግሪን ካርዱ ነው። ቅድመ ፈቃዱ መጣልኝ፤ የቀረኝ ቃለ መጠይቁ ነው።

ጣጣው ከዚህ በኋላ ነው። ለእረፍት መጥቼ ፓስፖርቴን አሳደስኩ። አዲሱን ስገልጠው የአያቴ ስም በአንድ ‘ኤስ’ ተጽፏል። በአሮጌውና በግሪን ካርዱ ላይ ግን ሁለት ናቸው። ሦስቱን ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ደጋግሜ አየሁ፤ አዲሱ ላይ ያው አንድ ‘ኤስ’ ብቻ ነው! አያቴ በሕይወት ቢኖር ይስቅ ነበር። እሱ እንደሆነ የሚፈርመው በጣቱ ነበር።

በዚህ ላይ አንድ ደላላ «ቃለ መጠይቁን እዚሁ እናስጨርስልሃለን» ብሎ ብር ጠየቀኝ። አልሰጠሁትም። የሚጠይቀው የአሜሪካ ጉምሩክና ድንበር ጥበቃ መኮንን ነው፤ ከደላላ ጋር ምን አገናኘው?

ያሰብኩት ዋሽንግተን ደለስ ኤርፖርት ስደርስ ቃለ መጠይቁን እዚያው ለማድረግ ነው። ቅድመ ፈቃድ ላለው ሰው ያለ ቀጠሮ ይቻላል። ግን አዲሱን የፓስፖርት ቁጥር አሁኑኑ ባመለከትኩበት የኢንተርኔት አካውንት ላይ ልቀይር ወይስ መኮንኑ ፊት ላሳይ? አሮጌውን መያዜስ ይጠቅማል? ስሙ አልገጥም ብሎት ያለፈ ወይም የተመለሰ ካለ እባካችሁ ንገሩኝ። በረራዬ በሚቀጥለው ሳምንት ነው።