ከጣሪያ ሶላር የሚተርፈውን መብራት መልሶ መሸጥ ያዋጣል?

ጣሪያ_ላይ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ 5 ኪሎዋት ሶላር አስገጥሜያለሁ ባትሪ ግን የለኝም፣ ቀን ቀን ሁሉም ስራና ትምህርት ቤት ስለሚውል ቤት ውስጥ ከፍሪጅና ከዋይፋይ በቀር የሚበላ ነገር የለም። አፑ ላይ ሳየው እኩለ ቀን ላይ 4 ኪሎዋት ያመነጫል፣ ቤቱ 300 ዋት እንኳን አይጨርስም፣ ሌላው ሁሉ ወደ መስመር ይገባል። ይሄን በነፃ ነው የምሰጣቸው ወይስ ይታሰብልኛል? የማታውን ካጣፋልኝ ራሱ ይበቃኛል። ወይስ ባትሪ ልግዛ?

ፌዝ_3፦
እህቴ ከሁሉም በፊት ቆጣሪሽን እዪ። ድሮ የነበረው ዲስኩ የሚሽከረከረው ቆጣሪ መብራት ወደ ውጪ ሲወጣ ወደኋላ ይዞራል፣ አንዳንዱ ዲጂታል ግን አቅጣጫ አይለይም፣ የላክሽውንም እንደተጠቀምሽው ይቆጥረዋል፣ ማለትም ሰጥተሽ ትከፍያለሽ 😅 ባለሁለት አቅጣጫ ከሆነ ስክሪኑ ላይ ቁጥሮቹ ሲቀያየሩ ብዙውን ጊዜ 1.8.0 የወሰድሽው ነው፣ 2.8.0 የላክሽው ነው። ፀሐይ ስትበረታ ቆመሽ እዪው፣ የሚጨምረው 1.8.0 ከሆነ ውል ሳይኖርሽ አትልኪ፣ ኢንቨርተሩ (የሶላሩን መብራት ለቤት እንዲሆን የሚቀይረው መሳሪያ) ሴቲንግ ውስጥ ኤክስፖርት ሊሚት፣ ማለትም ወደ መስመር የሚላከውን የሚገድብ ካለ ዜሮ አድርጊው፣ ግን ዋናው ገመድ ላይ የሚታሰር ሴንሰር ይፈልጋል።

ሂሳብ_ብቻ፦
እሱ ልክ ነው፣ ቀጥሎ ደግሞ ውሉ ኔት ሜተሪንግ ነው ወይስ ኔት ቢሊንግ ብለሽ ጠይቂ፣ ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። በመጀመሪያው 10 ኪሎዋት ሰዓት ከላክሽ ማታ 10 ይቀነስልሻል። በሁለተኛው ካንቺ የሚገዙት በረከሰ ዋጋ ነው፣ የሚሸጡልሽን ዋጋ ሩብ ቢከፍሉ ያው 10 የማታውን 2.5 ብቻ ነው የሚሸፍነው። ሌብነት ነው የሚል አለ፣ እኔ ግን ሙሉ በሙሉ አልስማማም፣ አንቺ የምትከፍዪው ዋጋ ውስጥ የመስመሩም የትራንስፎርመሩም ወጪ አለበት፣ በዛ ላይ እኩለ ቀን ላይ የሁሉም ሰው ጣሪያ ስለሚያመነጭ መብራቱ ያኔ ብዙም አይፈለግም። ካሊፎርኒያ ከ2023 ኤፕሪል ጀምሮ አዲስ ደንበኞችን ወደ ኔት ቢሊንግ ያዞረችው ለዚሁ ነው። ስለዚህ ከመሸጥ በፊት መጠቀም፣ ውሃ ማሞቂያውንና ልብስ ማጠቢያውን በታይመር ቀን ላይ አድርጊያቸው።

ጣሪያ_ላይ፦
እናመሰግናለን ሁላችሁም 🙏 ቢያንስ ቀን መብራት ሲጠፋ የራሴ ይሰራልኛል አይደል?

ፌዝ_3፦
አይሰራም! ባትሪ የሌለው ከመስመር ጋር የታሰረ ኢንቨርተር መብራት ሲሄድ እሱም ወዲያው ይጠፋል፣ ፀሐይ ብትንቦገቦግም። ሆን ተብሎ ነው፣ ጠፍቷል ብሎ መስመር የሚጠግን ሰራተኛ ያንቺ ጣሪያ በላከው እንዳይመታ። መብራት ሲጠፋ እንዲሰራ ከፈለግሽ ሃይብሪድ ኢንቨርተር (ከባትሪም ከመስመርም ጋር የሚሰራ) እና ባትሪ ነው፣ ቤቱንም ከመስመሩ የሚለይ ማብሪያ ይፈልጋል።

ሂሳብ_ብቻ፦
የባትሪውን ነገር እኔ እንደማየው፣ ኔት ሜተሪንግ ካገኘሽ መስመሩ ራሱ ባትሪሽ ነው፣ መብራት ቶሎ ቶሎ የማይጠፋ ከሆነ ገንዘብሽን አታውጪ። ኔት ቢሊንግ ከሆነ ግን ከምሽት እስከ ጠዋት ስንት እንደምትበዪ አፑ ላይ እዪና ለዛ የሚበቃ ግዢ፣ ሻጩ ትልቁን ውሰጂ ቢልሽ አትስሚው፣ ማታ ካላለቀ በማግስቱ የሚሞላበት ቦታ የለውም። ውሉ ላይ ደግሞ ለላክሽው መብራት የተጠራቀመልሽ ክሬዲት በዓመቱ መጨረሻ ይሰረዛል ወይስ ይከፈላል የሚለውን ሳታነቢ እንዳትፈርሚ።