እህቴ ግቢ ገብታለች፣ የኪስ ብር የሚደግፍ ስኮላርሺፕ የምታውቁ?

የጋይንቱ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እህቴ ዘንድሮ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ደርሷት ገባች፣ አባታችን ሁለት በግ ሸጦ ነው ለትራንስፖርትና ለአንሶላ የሰጣት። ዶርምና ምግቡ በኮስት ሼሪንግ (ተመርቃ ስራ ስትይዝ በሚከፈል የወጪ መጋራት) ነው እሺ፣ ግን ሀንዳውት ኮፒው፣ ሳሙናው፣ ሞዴሱ ከየት ይምጣ? ትናንት ደውላ «ትቼው አረብ አገር ልሂድ» አለችኝ፣ እንቅልፍ አጣሁ።

የገበሬ ልጅ፦
ወንድሜ በፍጹም እንዳታቋርጥ! እኔም ሁለተኛ ዓመት ላይ ሻንጣዬን ሸክፌ ነበር፣ አንዲት አስተማሪያችን ናት እጄን ይዛ ተማሪዎች ዲን ቢሮ የወሰደችኝ፣ ከዛ በየወሩ ትንሽ ብር ይሰጠኝ ጀመር፣ ብሩ ብዙ አይደለም ግን ላይብረሪ ቁጭ ስል ስለ ኮፒ ማሰቡ ቀረልኝ፣ ውጤቴም ከዛ በኋላ ነው ከፍ ያለው። ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ አጽፍላትና ዲን ቢሮ ትሂድ፣ አትፈር በላት።

አቤል፦
ኮስት ሼሪንጉም አያስጨንቃት፣ ስራ ስትይዝ ከደሞዟ ቢያንስ 10 በመቶ በየወሩ እየተቆረጠ ነው የሚከፈለው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የማስተርካርድ ፋውንዴሽን ስኮላርሺፕ አለ፣ በተለይ አካል ጉዳት ላለባቸው ልጆች ቅድሚያ ይሰጣል፣ ሰፈራችሁ እንደዚህ ያለ ልጅ ካለ ንገሩት።

የጋይንቱ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ነገ በጠዋት ቀበሌ እሄዳለሁ። አሁን ልደውልላት።