የአውቶካድ ድሮዊንግ ወርድ ውስጥ ሳይደበዝዝ እንዴት ይገባል?

ጠያቂ፦ ሲቪሏ ከሀዋሳ

ጤና ይስጥልኝ ቤተሰብ። የአንድ ጂ ፕላስ ቱ መኖሪያ ቤት የዲዛይን ሪፖርት እያዘጋጀሁ ነው። የፋውንዴሽን ፕላኑ፣ የፉቲንግ (የኮለን መሠረት) ዲቴሉና የደረጃው ሴክሽን ከጽሑፉ መሀል መግባት አለባቸው። ከአውቶካድ (ድሮዊንጉ ከተሠራበት ፕሮግራም) ኮፒ አድርጌ ወርድ ላይ ፔስት ሳደርግ ክቦቹ ማዕዘን ያወጣሉ። ቢጫና ሳያን መስመሮች ደግሞ ነጭ ወረቀት ላይ የሉም ማለት ይቻላል። ስክሪንሾት ፕሪንት ሲደረግ ይደበዝዛል። የክፍሎቹ ስም የተጻፈው በአማርኛ ነው። ቤት ያለኝ ወርድ 2021 ነው፣ ቢሮ ያለው ግን 2013። አለቃዬ የሚያርመው በቢሮው ኮምፒውተር ነው። ምን ይሻለኛል?

አቋራጭ ፈላጊ፦

እህቴ፣ ይሄን ያህል አትጨነቂ። በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ፒኤንጂ ምስል አውጪና አስገቢ። ወረቀት ላይ ልዩነቱን ማንም አያይም።

የኢንክስኬፕ ሰው፦

አቋራጭ ያለው ለወረቀት ከሆነ ያስኬዳል። 16 ሴንቲሜትር ስፋት በ600 ዲፒአይ 3780 ፒክስል ገደማ ነው፣ ፕሪንተሩ ይበቃዋል። ግን ወርድ ሴቭ ሲያደርግ ምስሉን ዝም ብሎ ይጨምቀዋል። ኦፕሽንስ ገብተሽ፣ አድቫንስድ ከሚለው ውስጥ ምስል አትጭመቅ የሚለውን ካላበራሽ ድካምሽ ከንቱ ነው። ሪፖርቱን ስክሪን ላይ አጉልቶ የሚያይ ሰው ካለ ደግሞ ቬክተር ይሻላል፤ በነጥብ ሳይሆን በመስመር የሚቀመጥ ሥዕል ስለሆነ ሲጎላ አይደበዝዝም።

አሁን የክቦቹ ጉዳይ። ከአውቶካድ በቀጥታ ኮፒ ሲደረግ ሥዕሉ የሚወሰደው በስክሪኑ ልክ ነው። ስሙ ቬክተር ቢሆንም ክቡ በአጫጭር ቀጥታ መስመሮች ይሰበራል። ደብሊውኤምኤፍአውት የሚባለው ትዕዛዝም ያው ነው። ስለዚህ በፒዲኤፍ በኩል ዙሪው። ከሌይአውት (አውቶካድ ውስጥ ወረቀቱ ከሚዘጋጅበት ገጽ) ላይ ፕሎት በዪ፣ ፕሪንተሩን ዲደብሊውጂ ቱ ፒዲኤፍ አድርጊው፣ የፕሎት ስታይሉን ሞኖክሮም ሲቲቢ። ቢጫውም ሳያኑም ጥቁር ሆኖ ይወጣል፣ የመስመሩ ውፍረትም ይጠበቃል።

ፒዲኤፉን በኢንክስኬፕ ክፈቺው። ነፃ ፕሮግራም ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና አር አንድ ላይ ስትጫኚ ገጹ በሥዕሉ ልክ ይሰበሰባል። ከዚያ ኢኤምኤፍ (ወርድ የሚቀበለው የቬክተር ፋይል) ብለሽ ሴቭ አድርጊና ወርድ ላይ ከኢንሰርት፣ ፒክቸርስ አስገቢው። ፔስት አይደለም።

ሲቪሏ ከሀዋሳ፦

አመሰግናለሁ! ሌላው የቬክተር ፋይል፣ ኤስቪጂ አይሻልም ግን? ቤት ስሞክረው በጣም ጥርት ያለ ነው።

የኢንክስኬፕ ሰው፦

ቤት ላንቺ ይሻላል። ወርድ 2021 ኤስቪጂ ሲገባለት አብሮ አንድ ፒኤንጂ ቅጂ ያስቀምጣል። 2013 ኤስቪጂ አያውቅም፣ የሚያሳየው ያንን ቅጂ ነው። አለቃሽ ቢሮ ከፍቶት «ይሄ ምንድነው የደበዘዘው?» ይልሻል። ሁለቱም ጋ እንዲሠራ ኢኤምኤፍ ይሁን። ኢፒኤስ የሚባለውን ፋይል አስገቢ የሚል ምክር ካየሽ እለፊው፣ ማይክሮሶፍት ለደህንነት ሲል በ2017 እ.ኤ.አ. ዘግቶታል።

የድሮ ድራፍትማን፦

ልጄ፣ ስለ ፎርማቱ የተባለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው። የምታስገቢው ድሮዊንግ ለየትኛው ወረቀት የተሠራ ነው? ኤ1 ከሆነ የወረቀቱ ስፋት 841 ሚሊሜትር ነው። የሪፖርትሽ ገጽ ኤ4 ነው፣ ማርጂኑ ሲቀነስ 160 ቢተርፍልሽ ነው። ከአምስት እጥፍ በላይ አነስሽው ማለት ነው። 2.5 ሚሊሜትር የነበረው ጽሑፍ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። 0.25 የነበረው መስመር 0.05 ይገባል። ይህንን ቬክተር አያድነውም። ስክሪን ላይ አጉልተሽ ታነቢዋለሽ፣ ወረቀት ላይ ግን ቆሻሻ ነው የሚመስለው።

ለሪፖርቱ ብቻ አዲስ ሌይአውት ክፈቺ። የወረቀቱን መጠን 160 በ120 ሚሊሜትር አድርጊው። ፕላኑን በ1 ለ100 ብታስቀምጪ 16 ሜትር በ12 ሜትር ይይዝልሻል፤ ለመደበኛ መኖሪያ ቤት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ፉቲንጉን በ1 ለ20። ጽሑፉንና የልኬት ቁጥሮቹን በዚያ ወረቀት ላይ 2 ወይም 2.5 ሚሊሜትር አድርጊያቸው። ሪፖርቱ የማይፈልጋቸውን ሌየሮች (የሥዕሉን ንብርብሮች) አጥፊ፤ የዕቃ አቀማመጥ፣ ዛፍ፣ መኪና ፋውንዴሽን ፕላን ላይ ምን ይሠራል? ሃቹንም (መሙያ ጭረቶቹን) አሳሺው፣ ሲጠብ ጥቁር ቀለም ይሆናል።

ወርድ ውስጥ ከገባ በኋላ ጠርዙን ይዘሽ አትጎትቺ። መጠኑ 100 ፐርሰንት ይሁን። አለበለዚያ ከሥር «1 ለ100» የሚለው ጽሑፍ ውሸት ይሆናል። እኔ ሁልጊዜ የስኬል ባር አብሬ እሥላለሁ፣ ሰው ቢጎትተውም አብሮ ይለጠጣል። ሙሉውን ሺት ማሳየት ካለብሽ ግን ወርድ ውስጥ አታስጨንቂው። በኤ3 ፒዲኤፍ አውጪና ከሪፖርቱ ኋላ አባሪ አድርጊው።

ሲቪሏ ከሀዋሳ፦

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! የፉቲንጉን በነገሩኝ መሠረት ሠርቼው ቁልጭ ብሎ ወጣ። አንድ ነገር ግን ቀረ። «መኝታ ቤት»፣ «ወጥ ቤት» የሚሉት ፕላኑ ላይ ጥያቄ ምልክት ሆኑ። ቤት በትክክል የሚታዩትም ቢሮ ሲከፈቱ ባዶ ሳጥን ናቸው።

አርክቴክቷ፦

ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ጥያቄ ምልክቱ ከአውቶካድ ነው። ሮማንስን የመሳሰሉት ኤስኤችኤክስ የሚባሉት የአውቶካድ ፎንቶች የግዕዝ ፊደል የላቸውም። ስታይል በዪና የጽሑፉን ፎንት ወደ ኒያላ ወይም ኤብሪማ ቀይሪው። ሳጥኑ ደግሞ የኢኤምኤፉ ነው። ፋይሉ የፎንቱን ስም ይይዛል እንጂ ፊደሉን አይዝም፤ ቢሮ ያለው ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ ከሌለ ሳጥን ታያለሽ። ኢንክስኬፕ ላይ ሁሉንም መርጠሽ ፓዝ፣ ኦብጀክት ቱ ፓዝ በዪው። ፊደሉ ሥዕል ይሆናል፣ የትም ቢከፈት አይበላሽም። ከዚያ በኋላ ስለማይታረም ዋናውን ፋይል በኤስቪጂ ለብቻ አስቀምጪ። በድሮው የሥዕል ፋይል፣ በደብሊውኤምኤፍ ደግሞ አማርኛ ባትሞክሪ ይሻላል፣ ዩኒኮድ አያውቅም።

ሌላም ልጨምር። መጀመሪያ ያደረግሽው ፔስት ሥዕሉን ብቻ አይደለም የሚያስገባው። ዶክመንቱ ላይ ደብል ክሊክ ሲደረግ አውቶካድ ከተከፈተ፣ ድሮዊንጉ ራሱ ወርዱ ውስጥ አለ ማለት ነው። ደንበኛው እንዳለ ይወስደዋል። እሱን ካልፈለግሽ ለመላክ ከመነሳትሽ በፊት የቀረ እንዳለ አንድ በአንድ እያየሽ አጥፊ።

ማክ ተጠቃሚ፦

ለሌሎች ይጠቅም እንደሆነ፦ ማክ ላይ ያለው ወርድ ከኢኤምኤፍ ጋር አይስማማም፣ ያደበዝዘዋል። እኔ ፒዲኤፉን ራሱን ነው የማስገባው። ዊንዶውስ ላይ ግን አይሠራም እንዳትሞክሩት።

ሲቪሏ ከሀዋሳ፦

ሠራ! ቢሮም ቤትም አንድ ዓይነት ነው። የመጨረሻውን ከወርድ ወደ ፒዲኤፍ ስቀይር የማስተካክለው አለ? ለደንበኛው በቴሌግራም ነው የምልከው።

የኢንክስኬፕ ሰው፦

ሴቭ አዝ ስትዪ ስታንዳርድ የሚለው ላይ ይሁን፣ ሚኒመም ሳይዝ የሚለውን አትንኪ። ከዚያ ፒዲኤፉን አጉልተሽ የፉቲንጉን ብረት እዪው፤ መስመሩ ጥርስ ካላወጣ ቬክተር ሆኖ ወጥቷል። ቴሌግራም ላይ ግን እንደ ፋይል ላኪው። ገጹን ፎቶ አንስተሽ ከላክሽ እንደገና ወደዚሁ ጥያቄ ነው የምንመለሰው 😄