ሬድዮ ብቻውን ሰው ያስጨርሳል እንዴ?

የጦሳ ልጅ፦ ሰላም ጀመዓ፣ ትናንት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሀረጎን ስንወጣ ሹፌሩ የሆነ ዩቲዩበር በስፒከር ከፍቶ አንድን ብሄር ሲሰድብ ሚኒባሱ በሙሉ ይስቃል፣ ረዳቱ ሁላ ሂሳብ መሰብሰቡን ትቶ። አንድ አባት ብቻ "ሩዋንዳም በሬድዮ እንዲህ እያሳቁ ነው" ብለው ዝም አሉ። የምር ሬድዮ ያን ያህል ሚና ነበረው ወይስ ተጋኗል?

ሰኞ ገበያ፦ ብቻውንማ አይደለም፣ ሚሊሻውም ገጀራውም ቀድሞ ተዘጋጅቷል። ግን አርቲኤልኤም የሚባለው ጣቢያ በፈረንጆቹ ሐምሌ 1993 ሲጀምር ሙዚቃ፣ ቀልድ፣ ወጣቱ የሚወደው አወራር ነበር፣ እዛ መሃል ኋላ የተጨፈጨፈውን የቱትሲ ብሄር "ኢንየንዚ" ይሉታል፣ በረሮ ማለት ነው። ሚያዝያ 1994 ግድያው ሲጀመር ደግሞ የሰው ስም፣ የተደበቀበት ቦታ፣ የመኪና ታርጋ ሳይቀር በማይክ እያነበቡ። በ100 ቀን ገደማ ተገደለ ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው 800 ሺህ ሰው ነው።

ቦርከና፦ ጉዳዩን ያየው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት እኮ እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ታንዛኒያ አሩሻ ነበር። በፈረንጆቹ 2003 ከጣቢያው መስራቾች ናሂማናንና ባራያግዊዛን ከአንድ ጋዜጣ አዘጋጅ ጋር ጥፋተኛ አላቸው፣ በ2007 ይግባኝ ላይ ቅጣቱ ቢቀነስላቸውም። የተማሩ ሰዎች ናቸው ደሞ፣ ናሂማና የታሪክ ምሁር ነበር!

የጦሳ ልጅ፦ ወላሂ በረሮ የምትለዋ ከበደችኝ፣ የትናንቱም ሰውዬ ስድቡ የእንስሳ ስም ነበር። እኔም ስቄያለሁ እኮ።

ሰኞ ገበያ፦ አብሽር። እኔ "ሹፌር ሙዚቃ አርግልን" እላለሁ፣ አንዳንዱ ይቀይራል አንዳንዱ ካልተመቸህ ውረድ ይልሃል፣ አንዴማ ሀረጎ ላይ ወርጃለሁ 😅