ሰነቲ ላይ ቀይ ቀበሮ ለመቅረጽ ምን ልያዝ?

ባለትራይፖዱ፦
ሰላም ወገን። ኅዳር ላይ ወደ ባሌ ተራሮች፣ ሰነቲ የሚባለው አምባ ላይ ልሄድ ነው። ስለ ቀይ ቀበሮ አጭር ፊልም ለመሥራት አስቤያለሁ። እስካሁን የሠራሁት ሠርግና ማስታወቂያ ነው። ከሩቅ የሚያቀርብ 100-400 ሚሊ ሜትር ሌንስና ድሮን አለኝ። ጓደኛዬ «የሚወጡት ሌሊት ነው፣ መብራት ያዝ» ይለኛል። እውነት ነው?

የጎባው ሹፌር፦
መብራቱን ቤት ተወው ወንድሜ። ሰነቲ 4000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ሌሊቱ ውርጭ ነው። አይጡም ፍልፈሉም የሚወጣው ፀሐይ ሲሞቅ ነው። ቀበሮውም ምግቡን ተከትሎ በቀን ያድናል።

እንግዶች እንደደረሱ ቀበሮ ፍለጋ ላይ ታች ይነዳሉ። እኔ ፍልፈሉን ፈልግ ነው የምለው። ግማሽ አካሉን ከጉድጓድ አውጥቶ ሣር ይነጫል፤ ኮሽ ሲል ጥልቅ ነው። አዲስ አፈር የወጣበት ቦታ ስታይ ሞተር አጥፋ። ሩዝ የሞላህበት ከረጢት መስኮቱ ላይ አድርገህ ሌንሱን አስደግፍ። ከዚያ መጠበቅ ነው። ቀበሮው ሆዱን መሬት አስነክቶ ሲያደባ ካገኘህ ፊልምህ አለቀ በለው። ሌንስህ ይበቃል።

ግልገሎች የሚወለዱት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ገደማ ነው። ጉድጓዳቸውን ካየህ አትጠጋ። እናት ከተረበሸች ግልገሎቿን በዚያ ብርድ ወደ ሌላ ቦታ ታዛውራለች። በዓለም የቀሩት ጎልማሶች ከ500 በታች ናቸው፤ ለአንድ ሾት ብለህ እንዳታስቸግራቸው፣ አደራ።

ድምፅ ቀራጭ፦
ፈቃዱን አትርሳ! የፊልም ፈቃድ ከጎብኚ ትኬት የተለየ ነው፤ አዲስ አበባ እያለህ ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ጨርስ። ድሮን ደግሞ የራሱ ፈቃድ አለው፣ ኢንሳም (የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር) አለበት። እኔ ብሆን ድሮኑን አልወስድም። ለማይክህ ግን ጸጉራም የንፋስ መከላከያ ግዛ። ሰነቲ ላይ ያለሱ የምትቀዳው ንፋስ ብቻ ነው።

ባለትራይፖዱ፦
ኧረ ተባረኩ! ባትሪስ በብርዱ እንዴት ይሆናል?

የጎባው ሹፌር፦
ቶሎ ይሞታል። ትርፉን የጃኬትህ ውስጠኛ ኪስ ውስጥ ያዝ፤ ማታም ብርድ ልብስህ ውስጥ አስገባው። ካሜራውን ሞቅ ያለ ክፍል ስታስገባ ቦርሳውን ወዲያው አትክፈት፣ ሌንሱ ያልበዋል። የመጀመሪያውን ሌሊት ጎባ እደር። በቀጥታ ከወጣህ ከፍታው ራስህን ይፈልጠዋል።