ፈረሴ ያስለዋል፣ ምን ላንጥፍለት?

ባለጋሪው፣ ኮምቦልቻ፦
ሰላም ናችሁ ወገን? ዳማዬ ማታ ማታ ያስለዋል። ጠዋት ጎኑ እንደ ወናፍ ከፍ ዝቅ ይላል። ውጭ ሲያድር ደህና ነው። ጋጣው ውስጥ የማነጥፍለት የጤፍ ጭድ ነው። በሰጋቱራ ልቀይረው?

ከደሴ፦
አብሽር። ውጭ ከተሻለው ጠላቱ አቧራና ሻጋታ ነው። ጭድ እርጥበት ከነካው ይሻግታል፤ እሱ ደግሞ ሲተኛ አፍንጫው እዚያው ላይ ነው። ሰጋቱራውን ግን ተወው፣ የደቀቀው ከጭዱ ብሶ ይበናል። አናጺ ቤት ከመላጊያ ስር የሚወጣውን ጥቅልል ፍቅፋቂ ጠይቅ፣ ደረቅ ይሁን እንጂ። ስትጠርግ ፈረሱን አውጣው። ሽንት ያራሰውን በየቀኑ አንሳ፤ ያ ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ለሳንባው ጠንቅ ነው።

ከወረኢሉ፦
መኝታው ብቻ ምን ዋጋ አለው? ድርቆሹም ይበናል እኮ! ውኃ ውስጥ ነክረህ ስጠው። ከመሬት ይብላ፣ አንገቱን ዝቅ ሲያደርግ አክታው ይወርድለታል። ከጣራው ስር አየር መግቢያ ክፈትለት። ብርድ የሚያስፈራው እኛን ነው፣ ፈረስ ይችለዋል። ትኩሳት ካለው ግን ጋሪ አትጥመደው፣ የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰደው።

ባለጋሪው፦
አላህ ይስጥልኝ። አናጺው ፍቅፋቂውን ለማገዶ ነው የሚሸጠው፣ ዋጋ ተከራክሬ እመለሳለሁ።