የኤሌክትሪክ ትራም ባለውለታ ማን ነው? ሲመንስ ወይስ የስፕራግ ኩባንያ?

አንደኛ ተከራካሪ፦ የሲመንስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1881 በበርሊን አቅራቢያ በሊኽተርፌልደ 2.5 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም መስመር ላይ ሕዝብ ሲያመላልስ፣ ፍራንክ ስፕራግ ገና የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን ነበር። ኩባንያውን የመሠረተው በ1884 ነው። ቀድሞ የሠራ እያለ ተከትሎ የመጣው እንዴት ባለውለታ ይባላል?

ሁለተኛ ተከራካሪ፦ በዚህ አልስማማም። በሊኽተርፌልደ 180 ቮልት የሚተላለፈው በሐዲዶቹ በራሳቸው ስለነበር፣ እግረኛና ፈረስ በሚተራመስበት የከተማ ጎዳና ላይ እንዲህ ያለ መስመር መዘርጋት አደገኛ ነበር። ስፕራግ ግን ለአሜሪካዋ ሪችመንድ ከተማ 12 ማይል መስመርና 40 ትራሞች በ90 ቀን ውስጥ ለማቅረብ የተዋዋለው፣ ሥራው አጥጋቢ ካልሆነ 110,000 ዶላሩ እንደማይከፈለው እያወቀ ነው። ከተማዋ ዳገታማ ናት፤ በ1887 መገባደጃ በተደረገው ሙከራ ትራሙ ዳገቱን ቢወጣም ሞተሩ ስለተቃጠለ በበቅሎ ተስቦ ነው የተመለሰው። በየካቲት 1888 መስመሩ ለሕዝብ ሲከፈት ውጤታማ ያደረገው አንዱ ነገር የሞተሩ አቀማመጥ ነው፤ አንደኛው ጎኑ በአክስሉ (ጎማዎቹ በተገጠሙበት ዘንግ) ላይ ያርፋል፣ ሌላው ጎኑ ከሻሲው ጋር በሞላ ይያያዛል። ስለዚህ ትራሙ በሻካራ ሐዲድ ላይ ሲነጥር ሞተሩ አክስሉን ተከትሎ ስለሚንቀሳቀስ፣ ሁለቱን የሚያገናኙት የማርሾች ጥርሶች አይላቀቁም። ይህ አሠራር ለአሥርተ ዓመታት በዓለም ሲሠራበት ኖሯል።

ሦስተኛ ተከራካሪ፦ ሁለታችሁም ቤልጅግ ተወላጁን ቻርልስ ቫን ዴፖልን ዘንግታችኋል። በ1886 የአላባማዋ ሞንትጎመሪ በእርሱ ሥራ የኤሌክትሪክ ትራም ነበራት። በሪችመንድ ሞተሮች ውስጥ ለሚሽከረከረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርሱት የነሐስ ብሩሾች በፍጥነት እያለቁ ባለቤቶቹን ወጪ ሲያስወጡም መፍትሔ የሆነው የካርቦን ብሩሽ የእርሱ ፈጠራ ነው፤ መካኒኮቻችን ዛሬም ከሞተር ውስጥ አውጥተው የሚቀይሩት ያንኑ ነው።

ሁለተኛ ተከራካሪ፦ ስለ ካርቦኑ ያሉት እውነት ነው፤ ያለ እርሱ የሪችመንድ መስመር አትራፊ መሆኑ ያጠራጥር ነበር። ሆኖም የቦስተኑን የትራም ባለሀብት ሄንሪ ዊትኒን ያሳመነው ሪችመንድ ነው። ዊትኒ በገመድ የሚሳብ ትራም ሊዘረጋ አስቦ ሳለ፣ ስፕራግ ኃይሉ ለብዙ ትራም እንደሚበቃ ለማሳየት 22 ትራሞችን በሌሊት በአንድ ቦታ ሰብስቦ ተራ በተራ ሲያስነሳለት አይቶ ኤሌክትሪክን መረጠ። ሲመንስ የሚታወቀውን ያህል ስፕራግ የማይታወቀው ሥራው አንሶ አይደለም። የኤዲሰን ኩባንያ በ1890 ድርጅቱን ጠቅልሎ ከያዘ በኋላ ስሙን ከዕቃዎቹ ላይ አነሳው፤ ስፕራግም ሥራውን ለቀቀ።

አንደኛ ተከራካሪ፦ የስሙ መነሣት በደል እንደነበር እቀበላለሁ። ይሁን እንጂ የቫን ዴፖል የፈጠራ መብቶች በቶምሰን-ሂውስተን ኩባንያ በኩል፣ የስፕራግ ደግሞ በኤዲሰን በኩል በ1892 ጄኔራል ኤሌክትሪክ እጅ ከገቡ፣ አሜሪካዊውን ትራም የአንድ ኩባንያ ሥራ ማለቱ አያስኬድም። ሕዝብን በኤሌክትሪክ ትራም ማጓጓዝ እንደሚቻል ያሳየው ሲመንስ ነው በሚለው አቋሜ እንደጸናሁ ነኝ።